የሶያማ ሃያ አራት ሳንቃዎች

ቅዳሜ ታኅሣሥ 2 ቀን 2008 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አናጢው ኦቦ ገርባ ቁጥር አንድ የተጻፈበትን ሳንቃ ከክምሩ አንሥተው ሚዛን ላይ አጋደሙት። ቡራዩ ያን ዕለት ሱቋን አልከፈተችም። የአምቦ መንገድ ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ታክሲ የለም፣ ከታች ከገበያው በኩል የወጣቶች ጩኸት ይመጣል፣ ደግሞ ይርቃል። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ይቅር የሚለው ሰልፍ ከተነሣ ቀናት አልፈዋል። ለኦቦ ገርባ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ያውም መመዘን ከጀመሩ አሥራ ሁለተኛው። ልጃቸው ሶያማ "ሰዓቱ እንዳያልፍብኝ" ብላ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳለች፤ እሳቸውም ሳንቃዎቿን ሊመዝኑላት ቃል ሰጥተዋታል።

"አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገርባ!" አለ ሚዛኑን ያዋሳቸው የሺጥላ። ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበታቸው ሚስማርና ቀለም ሻጭ ነው፤ የእድሩም ጸሐፊ። "ዛሬም ሥጋ ቤትዎ ተከፈተ? ለእኔ ከሽንጡ አንድ ኪሎ ይቁረጡልኝ። አጥንት እንዳይበዛበት።"

"ሚዛንህን ነው የተዋስኩት፤ ጥርስህን ማን ጠየቀህ?"

"እሺ፣ ስንት አለ?"

"ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ። ባለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ከአራት መቶ ነበር።"

ኦቦ ገርባ እርሳሱን በምላሳቸው አርሰው ደብተሩ ላይ ጻፉት። ፊደል አልቆጠሩም። ቁጥር ግን ያውቃሉ፤ ያወቁትም ከሜትር ላይ ነው። ስለዚህ የሚጽፏቸው ቁጥሮች ልክ እንደ ሜትሩ ቁጥሮች ቀጥ ብለው የቆሙ ነበሩ።

"እና ሁለት መቶ ግራም ውኃ ወጣው ነው የሚሉኝ?"

"ታዲያ ወዴት ሄደ? አንተ ጠጣኸው?"

የሺጥላ እየሳቀ ቁጥር ሁለትን አነሣላቸው። አሥራ ሁለቱንም ቅዳሜ እንዲሁ እያላገጠ፣ እንዲሁ ደግሞ እያነሣ ነበር።

ሶያማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የደረሳት የትምህርት ክፍል የእንጨት ውጤቶች አስተዳደር የሚባል ነበር። ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ አፉን አልያዘም። "ሐኪም ትሆናለች ስንል አናጢ ሆና ልትመጣ ነው?" አለ አንዱ። "ለዚህማ አባቷ መቼ አነሳት?" አለ ሌላው። ሶያማ ሦስት ቀን አለቀሰች። ኦቦ ገርባ አላለቀሱም፤ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት መጋዝ በጨበጠው እጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ፤ የገበያ ዕለት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ይዘውት ዋሉ። በአራተኛው ቀን ልጅቷን ጠሯት።

"ሂጂ" አሏት። "እኔ በእጄ የማውቀውን ከነምክንያቱ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ አይቼው ልሙት።"

ሄደች። በየክረምቱም ምክንያት ይዛ ተመለሰች። ዋንዛ ለምን እንደሚገራ፣ ወይራ ለምን መላጊያ እንደሚያዶለዱም፣ ክረምት የተገጠመ በር በጋ ላይ ለምን እንደሚላላ። ኦቦ ገርባ እያንዳንዱን ከእርሷ በፊት ያውቁት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አያውቁትም ነበርና እየሠሩ ጆሯቸውን ይሰጧታል። በሦስተኛው ዓመት ሰበታ አንድ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ወር ልምምድ ወጣች። ስትመለስ፣ "እዚያ እንጨት የሚደርቀው በምድጃ ክፍል ነው፣ አባ። በሳምንት ድርቅ ይላል" አለቻቸው።

"ምድጃ የሌለው አናጢስ?"

ሶያማ ሳምንት ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከርማ የመመረቂያ ጥናቷን በዚያ ጥያቄ ላይ አደረገችው፤ ባህር ዛፍ ያለ ምድጃ፣ በጥላና በነፋስ ብቻ፣ ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ ይደርቃል ወይ የሚል። መምህሯ ጥያቄውን ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቃት "ከአባቴ" አለች። ኦቦ ገርባ ይህን የሰሙ ዕለት እስከ ማታ ድረስ እያፏጩ ሠሩ።

ባህር ዛፍ በአናጢ ዘንድ የተናቀ እንጨት ነው። ለአጠና፣ ለማገር፣ ለማገዶ ይባላል እንጂ ሳንቃ ሆኖ ቤት ሲገባ ማንም አያምነውም፤ ይጣመማል፣ ሚስማር ሲነካው ይሰነጠቃል። ለጥናቱ የሚሆነው ባህር ዛፍ ከሱሉልታ፣ ከእናቷ ወንድም ከኦቦ ሊቤ ማሳ መጣ። መሬቱ ወደ ማስተር ፕላኑ ሊገባ ነው የሚለው ወሬ ሲበረታ ኦቦ ሊቤ፣ "ሌላ ሰው መጥቶ ከሚቆርጠው የእህቴ ልጅ ትማርበት" ብለው አባታቸው የተከሉትን ዛፍ ጣሉላት። እዚያው ሱሉልታ ተሰንጥቆ አርባ ስምንት ሳንቃ ወጣው። ቡራዩ ያደረሰው በአይሱዙው ጭኖ ሞቱማ ነበር።

ሞቱማ የሰፈር ልጅ፣ የአዴ ወርቅቱ አንድያ፣ የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ቁመቱ በር የሚያስጎነብስ። ሳንቃው ከተራገፈ በኋላ አባትና ልጅ የማን ሳንቃ ሳይጣመም ይደርቃል ብለው ሲወራረዱ ምስክር ሆኖ የቆመውም እሱ ነው። ኦቦ ገርባ የድርሻቸውን ሃያ አራት ሳንቃ እንደ ልማዳቸው ከግድግዳ አስደግፈው ለፀሐይ ሰጡት። ሶያማ የእርሷን ሃያ አራት ከሱቁ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በመደዳ በመደዳ አነባበረችው። በየመደዳው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ቀጫጭን ዘንግ አጋደመች፤ የሳንቃዎቹን ጫፍ በቀለም ደፈነች፤ ከላይ ድንጋይ ጫነችበት።

"ምንድነው ይሄ? አልጋ ነው?" አለ ሞቱማ። "ኢንጂነር፣ ብርድ ልብስ ላምጣላቸው?"

"አንተ ሾፌር፣ እዚያ ጋ ያለውን ድንጋይ አቀብለኝና ዝም በል።"

"እንዲህማ አይሆንም! ከሱሉልታ ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዲግሪሽ ግማሹ የእኔ ነው። ለእማዬም ነግሬያታለሁ፤ ድግሱ ላይ ከፊት ነው የምትቀመጠው።"

ሰፈሩ ግን ክምሩን አልወደደውም። በዚያ ሰፈር አናጢ ለሬሳ ሣጥን የሚሆን እንጨት አስቀድሞ ገዝቶ አያስቀምጥም። ሰው ሲሞት ነው ወደ አስኮ ጣውላ ሻጮች የሚሮጠው። ሳንቃ ደርድሮ መጠበቅ ሞትን "ና፣ ተዘጋጅተናል" ማለት ነው ይባላል። የሶያማ ክምር በርና መስኮት ሳይሆን፣ አልጋም ሳይሆን፣ ሳምንት በሳምንት እየተመዘነ እንዲያው ሲቀመጥ ያዩ አሮጊቶች በዚያ በኩል ሲያልፉ ያማትቡ ነበር።

ልጅቷ ወደ ካምፓስ የምትመለስ ዕለት አባቷን ክምሩ አጠገብ አቆመቻቸው።

"አባ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመዝኑልኛል። አንዲት ሳንቃ እንኳ ከዚህ እንዳትነሣ። ክምሩ ከፈረሰ ጥናቱ ፈረሰ፤ ጥናቱ ከፈረሰ ሰኔ ላይ አልመረቅም።"

"ቤቱ ቢቃጠልስ?"

"እንደሱ አይበሉ። ምናልባት የግድ ሆኖ አንዱ ቢቆረጥ፣ መጀመሪያ ይመዝኑት። ከዚያ ከመካከሉ አንድ ስንዝር ቆርጠው ወዲያው ፌስታል ውስጥ ጥርቅም አድርገው ያሽጉልኝ። ውስጡ የቀረው ውኃ እዚያው ይቆየኛል።"

"ቁራጭ እንጨት በፌስታል!" ብለው ሳቁ ኦቦ ገርባ። "ተምረሽ ተምረሽ አሳበድሽኝ።"

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ሃያ አራተኛውን ሳንቃ መዝነው ወደ ቦታው ሲመልሱ ተኩስ ተሰማ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሴቶች ጩኸት። ሞቱማ መንገድ ዳር አቁሞት ያደረውን አይሱዙ ወደ ግቢ ላስገባ ብሎ ወጥቶ ነበር። ቁልፉ እጁ ላይ እንዳለ ሞቶ ተገኘ። ማን እንደተኮሰ ያየ የለም፤ ያየም ቢኖር አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ የሺጥላ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። በሩን አልፎ ሲገባ ቀልድ አልነበረውም።

"ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው" አለ። "ሣጥኑን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። አስኮ መሄድ አይቻልም፤ መንገዱ ዝግ ነው። ያለዎትን ይመልከቱ።"

ኦቦ ገርባ ያላቸውን ያውቁታል። ከግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የጠጣው የራሳቸው ሃያ አራት ሳንቃ ነው። የተሻለውን መርጠው ከጠረጴዛው ላይ አጋደሙ፤ ላጉት፤ የመጀመሪያውን ሚስማር መቱ። ጧ! ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ተተረተረ። ሁለተኛውን አነሡ፤ እሱ ከመሐል ጎብጧል። ሦስተኛውን በመሰርሰሪያ በስተው በጥንቃቄ ሚስማር ሰደዱበት፤ እሱም ጧ አለ። ለቅሶ ቤቱ በሁለት አጥር ማዶ ነውና ድምፁ ይሰማል። አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን አዞረ።

መዶሻውን አስቀምጠው ሲቆሙ ኦቦ ገርባን ያሳፈራቸው የእንጨቱ መሰንጠቅ አልነበረም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ "ባህር ዛፍ ጠማማ ነው" ሲሉ ኖረዋል። ጠማማው የእሳቸው አያያዝ ነበር። ያንን ለማወቅ ይህ ቀን መምጣቱ ነው አንገታቸውን ያስደፋቸው።

"ያ ለሽያጭ ያቆሙት ቁም ሣጥንስ?" አለ የሺጥላ። "ቢፈታ?"

"ቺፑድ ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ በሳምንት አብጦ ይፈርሳል። የወርቅቱን ልጅ በቺፑድ አልቀብርም።"

የሺጥላ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ በር፣ ወደ ቆርቆሮው ጥላ ሄደ።

"እሱስ?"

"እሱ የልጄ ነው።"

"እንጨት እኮ ነው፣ ኦቦ ገርባ።"

"አይደለም። ምርቃቷ ነው።"

ከየሺጥላ ስልክ ደጋግመው ደወሉላት። ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም አለቻቸው፤ ሰባት ጊዜ አለቻቸው። በስምንተኛው ስልኩን መልሰው ሰጡና ኮታቸውን ደርበው ወደ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ለምን እንደሚሄዱ እሳቸውም በቅጡ አላወቁም። ምናልባት ፈቃድ ፍለጋ ነበር፤ ምናልባትም ይቅርታ።

አዴ ወርቅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ቀና ብላ አየቻቸውና፣ "አይንኩት" አለቻቸው።

"ወርቅቱ..."

"የሶያማን እንጨት አይንኩት፣ ኦቦ ገርባ። ልጄ ያን እንጨት ያመጣ ዕለት እዚህ ቤት ገብቶ ስለሱ ነው ያወራልኝ። የእሷን ትምህርት እኔ ጭኜ አመጣሁት አለኝ። በነጠላዬ ጠቅልላችሁ ቅበሩት። የልጅቷ ትምህርት እንዳይፈርስ።"

ኦቦ ገርባ ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ስመው ወጡ። በመንገዱ እየተመለሱ ሳሉ አሳባቸው አንድ ሆነ። አይንኩት ያለችው ሴት አይንኩት ባትል ኖሮ ምናልባት ሳይነኩት ያድሩ ነበር።

"ሚዛኑን አምጣ" አሉት የሺጥላን ገና ከበሩ።

"ጠዋት መዘኑት እኮ!"

"አምጣ አልኩህ። ልጄ ሳይመዘን አይቆረጥ ብላለች።"

እንዲህ ሆነ። ለቅሶ ደራሾች በአጥሩ ላይ እያዩ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ ሰው በሞተበት ቀን ሳንቃ በሚዛን ሲመዝን ዋለ። "አእምሮውን ነካው" አለች አንዷ። "ሞትን የጠራው ይሄው ክምር አይደል? ይመዝነው!" አለች ሌላዋ። የሺጥላ ዞር ብሎ፣ "እናንተዬ፣ ሥራ የሚሠራ ሰው አታውቁም?" ብሎ ተቆጣ። ኦቦ ገርባ አልሰሙም። ድንጋዩን አወረዱ። ከላይ ጀምረው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሰባት ሳንቃ መዘኑ፤ ቁጥሩን ጻፉ። ሳንቃው ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ ሞቱማ ረዥም ቢሆንም ትርፍ ነበረው። ከእያንዳንዱ ከመካከል አንድ ስንዝር ቆርጠው ቁጥሩን በሚስማር ጫፍ ጫሩበትና በፌስታል ጥርቅም አድርገው አሸጉት። ከመካከል መቁረጥ ማለት ግን በየሳንቃው አንድ መጋጠሚያ መጨመር ማለት ነው፤ ሥራውን እጥፍ አደረገባቸው። ከዳር ልቁረጥ አላሉም። ከመካከል ብላለች።

ከዚያ ላጉት።

መላጊያው ሲሄድ እንደ ሌላ ጊዜ አላንገራገረም። ፍቅፋቂው ረዥም ሆኖ ሳይበጠስ ወጣ። ከሥሩ የወጣው ገጽ ፈዛዛ ቀይ፣ ወደ ማር የሚያደላ ነበር። ኦቦ ገርባ በሕይወታቸው ባህር ዛፍ እንዲህ ያለ መልክ እንዳለው አላወቁም። ሚስማሩን አስቀምጠው መቱት፤ ትንፋሻቸውን ይዘው። ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው ዳር ዳሩን አዩት፤ እንደ ክር የቀና ነበር።

"የሺጥላ፣ ና እየው" አሉ።

"አየሁት።"

"በእጅህ ዳስሰው እንጂ!"

የሺጥላ ዳሰሰው። እንባ የተናነቀው ለሞቱማ ይሁን ለሳንቃው ኋላ ራሱም ሊናገር አልቻለም። ብቻ፣ "ይህቺ ልጅ!" አለ።

እሑድ በስድስት ሰዓት ሞቱማ ራሱ ከሱሉልታ ባመጣው እንጨት ተቀበረ። ሣጥኑ በሰው ትከሻ ላይ ሲያልፍ ከግንባሩ እስከ እግሩ አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ኦቦ ገርባ ከኋላ ሲሄዱ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ አልነበረም።

ሶያማ ከገና በኋላ መጣች። የሞቱማን መሞት የስልክ መስመር ሲከፈት ሰምታለች፤ የሳንቃውን ነገር ግን አባቷ በስልክ ለመናገር አፋቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ለቅሶ ደርሳ ተመልሳ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረች። ኦቦ ገርባ ፈተና ወስዶ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ በሩ ላይ ቆሙ። ቆጠረች። አሥራ ሰባት። እንደገና ቆጠረች።

ደብተሩን ዘረጉላት። ከሰባት ቁጥሮች አጠገብ ሰባት ትናንሽ መስቀል ተሠርቶባቸዋል፤ መጻፍ ስላልቻሉ ያደረጉት ነው። ከዚያ ሰባቱን ፌስታል በሁለት እጃቸው ታቅፈው አመጡላት።

"የሞቱማ ሣጥን?" አለች።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሶያማ አባቷ ፈጽሞ ያልጠበቁትን ጠየቀቻቸው።

"ተሰነጠቀ?"

"አንዱም።"

ልጅቷ ክምሩ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እሳቸው አጠገቧ ቆመው ፌስታሎቹን እንደያዙ ጠበቋት። ኋላ ፊቷን ጠርጋ አንዱን ፌስታል ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፤ ውስጡ ጠል ይዟል።

"ከመካከል ነው የቆረጡት?"

"ከመካከል አላልሽም እንዴ?"

ሰኔ ላይ ጥናቷን ስታቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት የናሙናው ቁጥር ከሃያ አራት ወደ አሥራ ሰባት የወረደው ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው። ቀጥሎ፣ እነዚህ ሰባት ቁራጮች በሠንጠረዡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጥሩ ተደርገው የታሸጉ ናቸው፣ ማን ነው ያሸጋቸው አላት። "አባቴ" አለች። ምን ተምረዋል ቢላት፣ "እንጨት" ብላ መለሰች። ይህንን ኦቦ ገርባ ከእርሷ አፍ ከሰሙ በኋላ ለየሺጥላ ነገሩት፤ የሺጥላ ለእድሩ ነገረ፤ እድሩ ለቡራዩ።

በምርቃቱ ድግስ አዴ ወርቅቱ በጥቁር ልብሷ መጥታ ከፊት ተቀመጠች። ሶያማ ጥራዙን ይዛላት ሄደች።

"ልጄ ግማሹ የእኔ ነው ሲል ነበር" አለች አዴ ወርቅቱ። "የቱ ጋ ነው የእሱ ግማሽ?"

ሶያማ ገጹን ገልጣ ከአንድ ሠንጠረዥ ሥር የተጻፈውን ትንሽ መስመር በጣቷ እያሳየች በአማርኛም በኦሮምኛም አነበበችላት፤ "በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሰባት ሳንቃዎች ለቀብር ተወስደዋል፤ አንዱም አልተሰነጠቀም።" አዴ ወርቅቱ መስመሩን በመዳፏ ሸፍና ቆየች።

በቀጣዩ ዓመት እድሩ ለሬሳ ሣጥን የሚሆን ባህር ዛፍ ከሱሉልታ አስመጥቶ በሶያማ አሠራር ከርሞ እንዲደርቅ በዕቃ ቤቱ ጀርባ አስነባበረ። የሚያማትቡ አልጠፉም፤ ክምሩ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ኦቦ ገርባ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም አረፉ። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ በሁለተኛው ወር ስለነበር ቀብራቸው ላይ የቆመው ሰው ጥቂት ነው። ሶያማ የእድሩን ክምር አልነካችም፤ ሣጥናቸውን ከጥናቱ ከተረፉት ከአሥራ ሰባቱ ሳንቃዎች ራሷ ሠራችው። ስድስት ሳንቃ ፈጀ፤ አሥራ አንድ ቀረ።